እትዬ በራሷ ካርድ ደወለች

ቁንጫ የሚለውን ስም ያወጣንለት እኛ የሬዲዮ ጣቢያው ሰዎች ነን። የተቀመጠበት ወንበር አይሞቅም። ማይክ ፊት ቆሞ አንዲት አጭር ማስታወቂያ አንብቦ እስኪጨርስ እግሩን ይቀያይራል፣ ኪሱን ይዳብሳል፣ አንገቱን ያክካል። እኔ ድምፅ ቀጂ ነኝ፤ ከመስታወቱ ወዲያ ማዶ ተቀምጬ «ኧረ ቁም! ጫማህ እየተሰማ ነው!» ስል ነው የኖርኩት። ፀጉሬ የሸበተው በዕድሜ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

እንጀራው ድምፁ ነው። የሳሙና፣ የቀለም፣ የፍራሽ ማስታወቂያ ይሠራል። ሽማግሌ ሁን ሲሉት ሽማግሌ፣ ሕፃን ሁን ሲሉት ሕፃን ይሆናል። የሰው አነጋገር አንዴ ጆሮው ከገባ አለቀለት። አንድ ቀን የሥራ አስኪያጃችንን ድምፅ አስመስሎ ለአስተዳደር ክፍል ደወለና «ዛሬ ከሰዓት ሁሉም ይረፍ» ብሎ አዘዘ። ሁላችንም ወጥተን ሄድን። ሥራ አስኪያጁ ባዶ ቢሮ ውስጥ ብቻውን ሲዞር ዋለ አሉ። በማግስቱ የወረደብንን ቁጣ አልነግራችሁም፤ ዕረፍቷ ግን ጣፋጭ ነበረች።

ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበር፤ እሷ ደግሞ ራሷ ልጅ ሆና ስፌት መኪና ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሳችም ማለት ይቻላል። የሴት ልብስ ሰፊ ናት። እሷ «ወንድምዬ» ትለዋለች፣ እሱ «እትዬ» ይላታል፣ እኛም እሱን ሰምተን «እትዬ» እንላታለን፣ ደንበኞቿም ጎረቤቶቿም እንደዚያው። ሱቋ ጠባብ ናት፦ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉ ያላለቁ ቀሚሶች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ቁርጥራጭ ጨርቅ የሞላ ጆንያ። ከአጠገቧ ፀጉር ቤት አለ፤ ባለቤቷ ከጠዋት እስከ ማታ ሙዚቃ የምታስጮህ፣ ሳቂታ ሴት ናት። እትዬ ግድግዳውን በመቀሷ እጀታ ስትደበድብ ሙዚቃው ይቀንሳል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይጨምራል። እንዲህ ነው የሚዋደዱት።

እትዬ ሦስት ነገር አታባክንም፦ ጨርቅ፣ ቃልና የስልክ ካርድ። ወንድሟን ስትፈልገው ስልኩን አንዴ ታስጮህና ትዘጋለች። ያቺ ሚስድ ኮል ለቁንጫ ትእዛዝ ናት። ቀረጻ ላይም ይሁን ሰው ቀብር ላይ፣ ወዲያው ይደውልላታል። «እንዲህ ከምታስጮሂው ለምን አስቀድሜ አልደውልልሽም?» ቢላት፣ «ካርድህን መጀመሪያ ሥራህ ላይ አውለው» ብላ ትዘጋበታለች፤ እሱ በደወለው ስልክ ላይ።

ነገሩ የጀመረው ከጤና ቢሮ አንዲት ቀጭን ፈጣን ሴት ወረቀት ይዛ ስቱዲዮ የመጣች ቀን ነው። ብዙ ዓመት በነርስነት ሠርታ ወደ ቢሮ የገባች ስለሆነች ሁላችንም «ሲስተር» እንላታለን። ወረቀቱ ላይ «የአንጎል የደም ዝውውር ድንገተኛ መታወክ ቅድመ ምልክቶችን አስመልክቶ ለኅብረተሰቡ የተዘጋጀ የግንዛቤ ማስጨበጫ መልእክት» ይላል። ይህ ርእሱ ነው፤ ውስጡን ተዉት። ቁንጫ ማይክ ፊት ቆሞ ጀመረው፤ ገና ግማሹ ላይ ትንፋሹ አለቀ።

«ሲስተር፣ ይኼን አንብቦ የጨረሰ ሰው ራሱ ሆስፒታል ይገባል።»

ሳቀች፤ ይህ ለእሷም አዲስ አልነበረም። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በአፏ ነገረችን። ስትሮክ የያዘው ሰው ቤተሰቡ «ደክሞት ነው፣ ይተኛበት» ይለዋል። ጭንቅላት ውስጥ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው፤ እነሱ ግን በማግስቱ፣ አንዳንዴም በሦስተኛው ቀን ነው የሚያመጡት። «ሲነሳ ይሻለዋል ያሉት ሰው ሲነሳ ግማሽ ጎኑ አብሮት አይነሳም» አለች። «ደግሞ የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በሽተኛው ራሱ ነው። አፉ ተጣሞ፣ እጁ ተንጠልጥሎ፣ ምን ሆንክ ሲሉት ደህና ነኝ ነው የሚለው!»

እውነቷን ነው። እኛ ሰዎች ደህና ነኝ ማለት የምንተወው መቼ ነው? እሳት ላይ ቆመን ደህና ነኝ እንላለን። ቁንጫ ግን ቀጥ አለ።

«እንዴት ነው የሚሉት? በምን ድምፅ?»

ሲስተር አስመሰለችለት። አንዴ ሰማት፤ ከዚያ ከንፈሩን በአንድ ጎን ለቀቅ አድርጎ፣ ምላሱን አወፍሮ፣ እንዲህ አለ፦

«እዬ… ዴና… ዬኝ…»

ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነበር፤ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ሲስተር እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ማስታወቂያውን እዚያው ሠራነው። ባል ለምሳ ቤት ይገባል። ሚስት «ምን ሆነሃል?» ትለዋለች። «እዬ ዴና ዬኝ» ይላል። «እስቲ ፈገግ በል! እስቲ ሁለት እጅ ወደ ላይ! እስቲ ስምህን ጥራ!» ትለዋለች። ከዚያ የእኔ ድምፅ ይገባል፤ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው፦ «ፊቱ ከተጣመመ፣ አንድ እጁ አልነሳ ካለ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ አንዱም ይበቃል። ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ይተኛበት አትበሉ፤ አሁኑኑ ሆስፒታል!» ይኸው ነው።

በሬዲዮ ሲጀመር ሰው ደነገጠ። እየዋለ እያደረ ግን… አንድ ነገር ደጋግሞ ሲሰማ ማስፈራቱን ይተዋል፤ ከዚያም በላይ ሲደጋገም ያስቃል። በየመንገዱ «ደህና አደርክ?» ሲባል መልሱ «እዬ ዴና ዬኝ!» ሆነ፤ ጠያቂው ደግሞ «ሁለት እጅ ወደ ላይ!» ይላል፤ ሁለቱም እጃቸውን አንስተው እየተንከተከቱ ይተላለፋሉ። የታክሲ ረዳቱ «ሁለት እጅ ወደ ላይ፣ ሒሳብ!» ይላል። ተማሪው ጥያቄ ያልመለሰ እንደሆነ «ምላሴ ተሳሰረ» ይላል። ቁንጫ ታወቀ። በሄደበት ሁሉ ሰው እጁን ያነሳለታል፤ ሌባ በተያዘበት መንገድ የሚያልፍ ይመስል ነበር።

ያልሳቀችው እትዬ ብቻ ናት። መኪናዋ ላይ ተጎንብሳ ሰማችውና ፔዳሉን አቆመች።

«የታመመ ሰው ላይ ነው የምታስቀው?»

«እትዬ፣ ሰው እንዲያውቀው እኮ ነው።»

«እየሳቀ ያወቀ ሰው አላየሁም» አለችና ፔዳሏን ረገጠች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አኮረፈችው። ሚስድ ኮል የለም፤ እሱ ሲደውል ደግሞ «ሥራ ላይ ነኝ» ብላ ትዘጋለች።

እሱም ቢሆን ነገሩ ውስጡን ይበላው ጀመር። ሲስተርን ባገኛት ቁጥር «እንዴት ነው፣ በሽተኞቹ ቶሎ መምጣት ጀመሩ?» ይላታል። «አሁንም በሦስተኛው ቀን ነው የሚያመጧቸው፤ ግን ሰው ሁሉ እያወራው ነው!» ትለዋለች፤ እሷ በዚህ ደስ ይላታል፣ እሱን ግን ያብሰከስከዋል። መንገድ ላይ አፉ ጋደል ያለ ሰው ካየ መከተል ጀመረ። አንድ ሽማግሌ ተከትሎ ደጃቸው ድረስ ሄዶ «አባባ፣ እስቲ ፈገግ ይበሉልኝ» ቢላቸው ከዘራ አነሱበት። ለካ ጥርስ አስነቅለው ሲመለሱ ነው። ሲነግረኝ እኔ ሳቅኩ፣ እሱ አልሳቀም። «ቀልድ ሆኖ ቀረ እኮ» አለኝ። «በእውነት የታመመ ሰው ቢናገር ማን ያምነዋል?»

አንድ ከሰዓት በኋላ የቀለም ማስታወቂያ እየቀዳን ነው። «ዝናብ የማያጥበው፣ ፀሐይ የማያደበዝዘው!» ይላል ቁንጫ፤ የቀለም ፋብሪካው ሰዎች ደግሞ «የማያደበዝዘው» የሚለው ላይ ኩራት ይጨመርበት ብለዋል፤ ቀለም በምን እንደሚኮራ እነሱ ያውቃሉ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ማይኩ ክፍት፣ ቅጂው እየሄደ ነው። ልጮህበት አፌን ስከፍት ስሟን አየና ፊቱ በራ።

«እትዬ ናት!»

ስልኩ መጥራቱን ቀጠለ። አነሳው፤ እንደ ልማዱ እኔም እንድሰማ ስፒከሩን ከፈተ። መጀመሪያ ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ፦

«…ዬ… ዴዮ… ና… ና…»

ቁንጫ ከመሬት ዘለለ። «እትዬ! አንቺም ጀመርሽ? ጉድ ፈላ!» እየሳቀ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «በይ፣ ሁለት እጅ ወደ ላይ!»

የሆነ ነገር ቋ አለ፤ ስልኩ ተዘጋ።

«ታረቀችኝ!» አለኝ በመስታወቱ ማዶ እየተሽከረከረ። «አየህ? ኩርፊያዋን በገዛ አፏ ጨረሰች! ደግሞ እንዴት አስመሰለችው ባክህ!» ከዚያ ወደ ማይኩ ተመለሰ። «ዝናብ የማያጥበው…» አለ። ቆመ። «ዝናብ የማያጥበው፣ ፀሐይ…» አለ። ቆመ። እኔ የደስታ መስሎኝ ቅጂውን አላቆምኩም።

«ስማ» አለኝ። «ስልኩ ጠራ፣ አይደል?»

«እና ስልክ ምን ያደርጋል?»

«አልዘጋችውም እኮ። ጠርቶ ጠርቶ እኔ ነኝ ያነሳሁት። እትዬ በራሷ ካርድ ደወለች።»

«ታረቀችሃ! ለዕርቅ አንድ ካርድ አታወጣም?»

«ለቀልድ?» አለ። «እትዬ? ለቀልድ?»

መልሶ ደወለ። ይጠራል፤ አይነሳም። ደገመ። አይነሳም። እዚያው ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ይሄድ ጀመር፤ የማዳመጫው ገመድ እየተከተለው ወንበር ጣለ። «ወደ ኋላ መልስልኝ» አለ። «ቅጂው ላይ አለ አይደል? መልስልኝ!»

መለስኩለት። እኔ ሥራዬ መስማት ነው፤ የመጀመሪያውን ጊዜ ግን የሰማሁት ከተማው ሁሉ ያስለመደኝን ነበር። አሁን ድምፁን ከፍ፣ ፍጥነቱን ዝቅ አደረግኩት።

«…ዬ…»

ቁንጫ ፊቱ አመድ መሰለ። «ወንድምዬ ነው» አለ። «ወንድምዬ ነው ያለችው።»

«…ዴዮ… ና… ና…»

ቶሎ ና። እህቱ ቶሎ ና ነው ያለችው። እሱ እዬ ዴና መስሎት ሳቀባት።

ማዳመጫውን እንዳጠለቀ ወጣ። ገመዱ ተበጠሰ፤ ጣቢያው አሁንም ያንን ማዳመጫ ይጠይቀኛል። ተከትዬው ሮጥኩ። በር ላይ ያገኘነው ታክሲ ውስጥ ገባን፤ ሾፌሩ ወፍራም፣ ጨዋታ ወዳድ ሰው፣ ቁንጫን በድምፁ አውቆት «እዬ ዴና ዬኝ!» ብሎ ሁለት እጁን ከመሪው ላይ አነሳ። ቁንጫ «ንዳ!» አለው። «ንዳ በናትህ!» ሾፌሩ በሳቅ ፈረሰ። ማስታወቂያ መሰለው።

መንገዱ ተዘግቷል። ፊታችን አሸዋ የጫነ መኪና ተገትሯል። ቁንጫ በሩን ይከፍታል፣ ይወርዳል፣ አንገቱን አስግጎ ያያል፣ ተመልሶ ይገባል፣ ይደውላል፣ አይነሳም፣ ደግሞ ይወርዳል። «ቁጭ በል እንጂ!» ብዬ ጮኽኩበት። ሲስተር ያለችው ሰዓት ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። የምናጠፋው እያንዳንዱ ደቂቃ ከእትዬ ላይ ነው የሚቆረጠው፤ ያንን ሁለታችንም እናውቃለን።

ሱቋ ጋ ስንደርስ ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ይስቃሉ! ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያ እንደያዘች፣ አንዷ ደንበኛዋ ፀጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኖ፣ የሱቅ ጎረቤቶች፣ ሁሉም። እትዬ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች። ሜትሯ አንገቷ ላይ ነው። ስልኳ መሬት ላይ ወድቋል። የሆነ ነገር ትላለች፣ እነሱ ያጨበጭባሉ።

«ወንድሟን አስናቀችው!» አለች ፀጉር ሠሪዋ ስታየን። «እትዬ እንዲህ ቀልደኛ መሆኗን ማን አወቀ! ቁንጫዬ፣ ና አብራችሁ ሥሩልን!»

«ስትሮክ ነው!» አለ ቁንጫ።

ይበልጥ ሳቁ።

«እውነቴን ነው! ስትሮክ ነው! አንሷት! አግዙኝ!»

«ቀረጻ ነው እንዴ?» አለ አንዱ። ሌላው ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። «ካሜራው የት ነው?» እኔም ጮኽኩ፤ የእኔ ድምፅ ደግሞ ያው የማስታወቂያው ድምፅ ነው፤ «አሁኑኑ ሆስፒታል!» ስል ጭብጨባው ቀለጠ። ኡኡ ብንል ኖሮ ድጋሚ በሉልን ባሉን ነበር። ቁንጫ ሰውን ሁሉ የሚያስመስል አፉ አንድ የራሱ ድምፅ አጣ። የማይረሳኝ የሱ ፊት ነው። ሰው እያለቀሰ ሲስቁበት ምን እንደሚመስል ያኔ አየሁ።

የታክሲው ሾፌር ከኋላችን መጥቶ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ጨዋታው ሳያልፈው ሊሳተፍ ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ በዚያ ወፍራም ድምፁ፦

«እትዬ! ሁለት እጅ ወደ ላይ!» አላት።

እትዬ ሰማችው። ቀና ብላ አየችው። ከሁሉም ሰው ውስጥ ሊረዳት ብሎ የጠየቃት እሱ ብቻ መስሏት ይሆናል፣ አላውቅም። ቀኝ እጇ ተነሳ። ጣቷ ላይ ያለው የስፌት ቀለበት አብረቀረቀ። ግራ እጇ ጨርቁ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። እሷም አየችው። ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች፤ እጇ አልተከተላትም።

ሳቁ ጠፋ። ከፀጉር ቤቱ የሚመጣው ሙዚቃ ብቻ ቀረ።

«አንዱ አልነሳም» አለ ሾፌሩ ቀስ ብሎ። ከዚያ የማስታወቂያውን ቃል፣ ሲቀልድበት የከረመውን ቃል፣ እንደ አዲስ አለው። «አንዱም ይበቃል ነው የሚለው።» ሰዎቹን በክንዱ ገፍቶ ገባና እትዬን እንደ ሕፃን አቅፎ አነሳት። «በሩን ክፈቱልኝ! ምን ትገተራላችሁ!»

ፀጉር ሠሪዋ «ውሃ፣ ውሃ ላምጣላት?» አለች፤ «ምንም እንዳትሰጫት! ያንቃታል!» አለ ቁንጫ። ፀጉር ሠሪዋም ማበጠሪያዋን እንደያዘች፣ የደንበኛዋን ፀጉር እንደተበተነ ትታ፣ አብራን ገባች። ሾፌሩ መብራቱን እያበላለጨ፣ ጡሩምባውን እየለቀቀ፣ በተቃራኒው መስመር ነዳ። መንገድ የዘጋበትን ሁሉ በመስኮት ሲሰድብ የነበረውን ስድብ እዚህ መጻፍ አይቻልም። ቁንጫ የእትዬን ጭንቅላት ደረቱ ላይ አስደግፎ «መጥቻለሁ፣ እትዬ፣ መጥቻለሁ» ይላል። ታየዋለች። ፊቷ ወደ አንድ ጎን ወርዷል። ፍርሃቷ ግን ሙሉ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የመጀመሪያ ጥያቄው «መቼ ጀመራት?» የሚል ሆነ። ቁንጫ የደወለችበትን ሰዓት ከስልኩ አሳየው። «ከዚያ በፊትስ ደህና እንደነበረች በምን ታውቃላችሁ?»

«እኔ አውቃለሁ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ከዚያ ጥቂት ቀደም ብላ ግድግዳውን ደብድባ፣ አንቺ ባለጌ ቀንሺው ብላ ሰድባኛለች። ጥርት አድርጋ ነው የሰደበችኝ፣ ዶክተር። አንድም ቃል አልተሳሳተች።» ከዚያ አለቀሰች።

ሐኪሙ እየጻፈ ራሱን ነቀነቀ። የጭንቅላት ምርመራ ተደረገላት፣ ደም መፍሰስ እንደሌለ ታየ፣ መድኃኒቱ ተሰጣት። «ደርሳችኋል» አለን ሲወጣ። አንዲት ቃል ናት። ቁንጫ ኮሪደሩ ላይ ሲመላለስ ቆይቶ ነበር፤ ዘበኛው ሁለቴ «ወንድሜ፣ አረፍ በል» ብሎታል። ቃሏን ሲሰማ ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራቶ ተቀመጠ። «ሳቅኩባት እኮ» አለኝ። «ድረስልኝ ስትለኝ እጅሽን አንሺ አልኳት።»

«አሁን ዝም በል» አልኩት። ሰው ሲያጽናኑ ሌላ ምን እንደሚባል አልተማርኩም።

እትዬ ተረፈች። እግሯ ተመለሰ። እጇም በስንት ማሸትና ማንሳት ቀስ በቀስ ጨርቅ ለመያዝ በቃ። ምላሷ ግን አልተፈታም። ሐሳቧ ሙሉ ነው፣ ስድቧም ሙሉ ነው፤ ሲወጣ ግን ይጎተታል፣ ይወፍራል። እንደ ማስታወቂያው። ቁንጫ ከንፈሩን ለቀቅ አድርጎ የፈጠረው ድምፅ የእህቱ ድምፅ ሆነ።

ከቤት የወጣች የመጀመሪያ ቀን ክር ልትገዛ ሄደች። ባለሱቁ አዲስ ሰው ነው። ገና አፏን ስትከፍት «ሁለት እጅ ወደ ላይ!» ብሎ ተንከተከተ። ክሩን ሳትገዛ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ከቤተሰብ ውጭ ለማንም አልተናገረችም። ሱቁ ተዘጋ።

ቁንጫ አብዶ ጤና ቢሮ ሄደ፤ እኔም አብሬው። «ማስታወቂያውን አንሱልኝ» አላት ሲስተርን። ሲስተር ቁጭ አለችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «አሁን ነው መምጣት የጀመሩት» አለች። «ባለፈው አንድ ልጅ አባቱን ይዞ መጣ። ቀልድ መስሎኝ እጅ ወደ ላይ ብዬው አንዱ ሲቀርበት ነው ያወቅኩት አለ። ሰውየው እየተራመደ ወጣ። ምን ልበልህ? አንተው ሌላ ሥራልንና ያንን እናንሳው።»

ስቱዲዮ ገባን። ማይኩን ከፈትኩ። ቁንጫ ቆመ። ከንፈሩን ለቀቅ ሊያደርግ ሞከረ፤ አልቻለም። ብዙ ቆመ፣ እግሩን እንኳ አልቀየረም። «እሷን ነው የማስመስለው አሁን» አለኝ። «በእሷ ላይ አፌን አላጣምም።» አዲሱ ማስታወቂያ ቀረ፤ አሮጌው ይተላለፋል፤ እስከ ዛሬ።

ሱቁን የከፈተው ቁንጫ ነው። ጠዋት ጠዋት እህቱን እጇን ይዞ ያመጣታል፤ እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ይናገርላታል። ደንበኛ ሲመጣ «እትዬ ጉሮሮዋን አሟት ነው፤ እኔ አለሁ» ይላል። የሴት ልብስ ምኑንም አያውቅም፤ «ወገቡ ጠበብ፣ አንገቱ ሰፋ» ይላል የመጣለትን። እትዬ በዓይኗ ትገላምጠዋለች። ስትናደድ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ታሳርፈዋለች፤ እሱ ደግሞ ለመቀሱ ድምፅ ብቻ ነው አሁን ቀጥ የሚለው።

አንድ ቀን የባለቤቴን ቀሚስ ላስጠብብ ሄጄ እዚያው ነበርኩ። አንዲት ወጣት ጨርቅ ይዛ ገባች። ከሠርጓ በፊት ሊደርስላት ይገባል። ቁንጫ እንደ ልማዱ ተነስቶ «እንኳን ደህና መጣሽ! እትዬ ጉሮሮዋን…» ብሎ ሲጀምር፣ እትዬ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ አፉን በሜትሩ ጫፍ ጠፍ አደረገችው። እሷ ተነሳች። ልጅቷ ፊት ሄዳ ቆመችና ራሷ ጠየቀቻት፦

«እጅጌው… ይርዘም… ይጠር?»

ቃሉ እየተጎተተ፣ እየወፈረ ወጣ። ልጅቷ ዓይኗ ፈጠጠ፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። በደግ ነው የሳቀችው፤ ጨዋታ መስሏት ነው። ሳቋን ስትጨርስ ማንም አብሯት እንዳልሳቀ አየች። ቁንጫን አየችው። እሱ መሬት መሬቱን ያያል። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነችና ፊቷ ቀላ፤ ጨርቁን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። ልትወጣ ነው። ቁንጫ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እትዬ ሳታየው በእጇ አስቆመችው።

ልጅቷን በትከሻዋ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረቻት። ሜትሯን ዘረጋች። ለመናገር ጊዜ ወሰደባት፤ ሁላችንም ጠበቅናት።

«ሳቂ… ሳቂ፣ የኔ ልጅ» አለች። «ግን… ቀጥ ብለሽ ቁሚ። ስትስቂ… ልክሽ ይዛነፍብኛል።»